ምላሴ ላይ ላለው ነገር ክንዴን ሰጠሁ፦ የአፍ ካንሰር የደም ምርመራ ፓኬጅ ግምገማ

ኮከቡን አስቀድሜ ልስጥና ልገላገል፤ ከ5 2 ነው። አንደኛው ደም ለቀዳችልኝ ልጅ ነው። ሁለተኛው በሪፖርቱ የመጨረሻ ገጽ ግርጌ፣ መነጽሬን አውልቄ ወረቀቱን አፍንጫዬ ድረስ ካላስጠጋሁ በማላነበው ፊደል፣ እውነቱን ለጻፈው ሰው ነው። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ በዚያ ድርጅት ውስጥ አንድ ሐቀኛ ሰው ተቀምጧል። የላብራቶሪውን ስም አልጠራም። ተመሳሳይ ፓኬጅ የሚሸጡ ሌሎችም አሉ፤ የእኔም ጠብ ከድርጅቱ ይልቅ ከምርመራው ጋር ነው፤ ከምርመራውም ይልቅ ምናልባት እሱን ከገዛሁበት ምክንያት ጋር።

54 ዓመቴ ነው። ኦዲተር ነኝ፤ የሰው ሂሳብ ሳገላብጥ 26 ዓመት ሆነኝ። ለ19 ዓመት አጭሼ ካቆምኩ 7 ዓመት አልፎኛል። ክርኖቼና ጉልበቶቼ ላይ ሶሪያሲስ አለብኝ፤ ቆዳው ይቀላል፣ ይወፍራል፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይረግፋል። ይህቺን የቆዳ ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ጥርሴን ላስጸዳ በሄድኩ ቀን ነው። ዶክተሯ ሥራዋን እስክትጨርስ ስታወራኝ ቆይታ፣ በመጨረሻ የምላሴን ጫፍ በጎዝ ይዛ ወደ ቀኝ ጎተተችና ዝም አለች። አፉን ከፍቶ የተቀመጠ ሰው ደግሞ መጠየቅ አይችልም። መብራቱን አስተካከለች፣ በጎዝ ጠረግ ጠረግ አደረገችው፣ አሁንም ዝም። ኋላ መስታወት ሰጥታ አሳየችኝ። በግራ በኩል፣ የምላሴ ጎን ወደ ሆዱ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር የማይበልጥ ነጭ ነገር። ጠርዙ ወጣ ገባ ነው፤ መሐሉ እንደ ደረቀ ኖራ ተሰነጣጥቋል። አያምም፣ አይቆጠቁጥም። መቼ እንደመጣ እንኳ አላውቅም።

«ጋሼ፣ ይሄ ሉኮፕላኪያ የምንለው ሳይሆን አይቀርም» አለችኝ። «አብዛኛው ወደ ካንሰር አይሄድም። ግን የምላስ ጎንና ከምላስ ሥር ያለው ወለል ካንሰሩ የሚያዘወትራቸው ቦታዎች ናቸው፤ እርስዎም አጭሰዋል። ትንሽ ቆርጠን ለፓቶሎጂ፣ በማይክሮስኮፕ ለሚያዩት፣ እንላከው።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር ጆሮዬ ያስቀረው «ቆርጠን» የምትለዋን ብቻ ነው። ቀጠሮ ያዘችልኝ፣ እሺ ብዬ ወጣሁ፤ በዚያው ሌሊት ግን ስልኬን ይዤ ከቢላ የሚያስጥለኝን ፍለጋ ገባሁ። አገኘሁም። የአፍ ካንሰርን ገና ከጅምሩ በደም እንይልዎ፣ ያለ ሕመም፣ ያለ ቢላ ይላል። በሥራዬ እንዲህ ያለ ቃል የያዘ ወረቀት ቢመጣልኝ ሦስቴ አገላብጠው ነበር። የፈራ ሰው ግን ደረሰኝ አይጠይቅም። የባዮፕሲውን (የሥጋ ናሙና መቁረጡን) ቀጠሮ «ሥራ በዛብኝ» ብዬ አራዘምኩና ለደሙ ተመዘገብኩ።

ሐሳቡ ራሱ ከንቱ አይደለም፤ እሱን ልመን። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግምት እንደሚለው በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 390 ሺህ በሚጠጋ ሰው ላይ አዲስ የከንፈርና የአፍ ካንሰር ተገኝቷል፤ 188 ሺህ ያህል ሰው ደግሞ በዚያው ዓመት በዚሁ በሽታ ሞቷል። ከ10 የአፍ ካንሰር 9ኙ የሚነሳው የአፍን ውስጥ ከሚሸፍኑት ጠፍጣፋ ሴሎች ነው። በአሜሪካ የካንሰር መዝገብ መሠረት የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ከበቀለበት ሳይወጣ ከተያዘ ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት የሚገኘው ታማሚ ከ80 በመቶ በላይ ነው፤ ወደ ሩቅ አካል ከደረሰ ግን ወደ 40 በመቶ ይወርዳል። በሽታው ገና ልጅ ሳለ ስለማያም ብዙ ሰው ሐኪም ፊት የሚቀርበው ካደገ በኋላ ነው። እንግዲህ ይህን ክፍተት አንዲት ቱቦ ደም ብትሞላው ማን ይጠላል?

ወደ አገልግሎቱ ልግባ። ቦታው ንጹሕ ነው፣ ወረፋው አጭር ነው፣ በዚህ አልከሳቸውም። ፎርሙ ግን ገና ከመነሻው ሙያዬን ቀሰቀሰው። ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ፤ ከዚያ «ያጨሳሉ? አዎ / አይደለም» ይላል። «አጭሼ ትቻለሁ» የሚል ሳጥን የለም። እንግዳ ተቀባይዋን ብጠይቃት «ያው አዎ ይበሉት» አለችኝ። ስለ ቆዳ በሽታ አይጠይቅም። ስለ ኩላሊት አይጠይቅም። ከሁሉ የሚገርመው፣ የአፍ ካንሰር ምርመራ ሆኖ ሳለ አፌ ውስጥ የሚታይ ነገር ይኑር አይኑር የሚል ጥያቄ የለም። አንድም ሰው አፌን አላየም። ገብቼ እስክወጣ አፌን የከፈትኩት ለመናገር ብቻ ነው።

ደም ቀጂዋ ልጅ ግን ሌላ ዓለም ናት። ስሜንና የትውልድ ቀኔን ራሴ እንድናገር አደረገችኝ፣ ከወረቀቱ ጋር አስተያየች፣ ቱቦው ላይ ስሜን የለጠፈችው እኔው ፊት ነው። ክንዴን ስታስር «አባቴ፣ ጡጫ ጨበጥ ያድርጉ፣ ግን አይጨማደዱ» አለች። መርፌው ሲገባ አልተሰማኝም ብል ማጋነን አይሆንም። ቢጫ ክዳን ያለውን ቱቦ ሞልታ፣ ሳትንጠው ቀስ ብላ አምስቴ ገለባበጠችው። ያኔ ልብ ያልኩት አፍና አፍንጫዋን በማስክ ሸፍና፣ ክዳኑ አካባቢ ስትደርስ ፊቷን ዘወር ማድረጓን ነው።

«ጉንፋን ይዞሽ ነው?» አልኳት።

«አይ፣ ከሚለካው ፕሮቲን አንዱ ምራቅም ውስጥ አለ። አንዲት ጠብታ ብትገባበት ውጤቱን ከፍ ታደርገዋለች፤ የቆዳ ቅርፊትም እንዲሁ» አለችኝ።

ይህቺ ልጅ የምርመራውን ደካማ ጎን ከሸጠልኝ ሰው በላይ ታውቃለች። የቆዳ ቅርፊት ስትል ክርኔ እጅጌዬ ሥር እንደተሸፈነ ነበር። እሷም አላየችውም፣ እኔም ነገሩን አላገናኘሁትም።

ውጤቱ በ3ኛው ቀን አመሻሽ ላይ በስልኬ ገባ። ፓኬጁ ደም ውስጥ 3 የዕጢ ጠቋሚ ፕሮቲኖችን ይለካል። ኤስ ሲ ሲ አንቲጅን 2.6፤ ጣሪያው 1.5 ናኖግራም በሚሊ ሊትር። ሳይፍራ 21-1 ደግሞ 1.9፤ ጣሪያው 3.3። ሲ ኢ ኤ 3.4፤ ጣሪያው 5። ከመጀመሪያው አጠገብ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀይ ቀስት፣ ከቀስቱ አጠገብ ቀይ ፊደል፦ «ከፍተኛ»። ሌላ ማብራሪያ የለም። ስልክ ደወልኩ፤ ያነሳው ልጅ በጣም ትሑት ነው፣ «ሐኪምዎን ያማክሩ» ከምትለው ዓረፍተ ነገር ግን ንቅንቅ አላለም። ቀኑ ዓርብ ነው፣ ሰዓቱ ከሥራ መውጫ በኋላ ነው። ለካ ውጤት የሚላክበት ሰዓትም የአገልግሎት ጥራት አካል ኖሯል! ዓርብ ማታ ቀይ ቀስት የሚልክ ድርጅት ቅዳሜና እሑድን በአንድ ሰው ደረት ላይ አስቀምጦ ነው የሚሄደው።

እንቅልፍ ስላጣሁ የማውቀውን ሥራ ጀመርኩ። ሦስቱን ቁጥሮች እንደ ሦስት ምስክር ቆጠርኳቸውና ከየት እንደመጡ መመርመር ያዝኩ።

ኤስ ሲ ሲ አንቲጅንን ካቶና ቶሪጎዬ የተባሉ ጃፓናውያን በ1977 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ከማህፀን በር ካንሰር አግኝተው ነው። ሳይፍራ 21-1 ሳይቶኬራቲን 19 የሚባል የሴል ምሰሶ ስባሪ ነው፤ ስሙን ያተረፈው በሳንባ ካንሰር ክትትል ነው። ሲ ኢ ኤን ጎልድና ፍሪድማን በ1965 እ.ኤ.አ. ያገኙት ከደንዳኔ ካንሰር ነው። እንግዲህ ሦስት ምስክር አለኝ፤ አንዱ ከማህፀን በር፣ አንዱ ከሳንባ፣ አንዱ ከአንጀት። አፍ ውስጥ የኖረ ጎረቤት አንድም የለም። ይህ ማለት ውሸታሞች ናቸው ማለት አይደለም፤ የአፍ ካንሰር ሲያድግ ኤስ ሲ ሲም ሳይፍራም ከፍ የሚሉበት ጊዜ አለ። ግን በሌላም ምክንያት ይጮኻሉ። ኤስ ሲ ሲ የጠፍጣፋ ሴሎች ፕሮቲን ስለሆነ ካንሰር ባይኖርም ጠፍጣፋ ሴል በተቆጣበት ሁሉ ይነሳል፤ በኤክዜማ ይነሳል፣ ኩላሊት ሲደክም ይነሳል፣ እና (እዚህ ላይ ስልኩን አስቀምጬ ክርኔን ገልጬ አየሁ) በሶሪያሲስ ይነሳል።

ሲ ኢ ኤም የራሱ ጉድ አለው። ሲጋራ ስለሚያስነሳው ብዙ ላብራቶሪ ለማያጨስ ሰው 3 ገደማ፣ ለሚያጨስ 5 ጣሪያ ያበጅለታል። የእኔ 3.4 ደህና የተባለው «ያው አዎ ይበሉት» ስለተባለ ነው። ሌላውን ሳጥን ባደርግ ኖሮ ሁለተኛ ቀይ ቀስት ይላክልኝ ነበር። 7 ዓመት ያላጨሰ ሰው የየትኛው ነው? እንዲህ ያለ መዝገብ ሥራ ላይ ባገኝ አልፈርምበትም።

ባለቤቴ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነስታ ከወረቀትና ከካልኩሌተር ጋር አገኘችኝ። ነገርኳት። ሰማችኝና «አንተ ሰውዬ፣ ምላስህ ላይ ያለውን ነገር ለማወቅ ክንድህን ተወጋህ፣ አሁን ደግሞ ወረቀቱን ፈራህ። ምላስህን ለምን አታሳያቸውም?» ብላ ተመልሳ ተኛች። መልስ አልነበረኝም፤ ሂሳቤን ቀጠልኩ።

ሂሳቡ ይኸው፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ የወሰድኳቸው ናቸው። 10,000 ምንም የማያማቸው ሰዎች ተመረመሩ እንበል፤ ከነሱ 10ሩ በርግጥ የአፍ ካንሰር አለባቸው። ምርመራው ጎበዝ ነው፤ ካለባቸው 80 በመቶውን ይይዛል፣ ከሌለባቸው 90 በመቶውን ነጻ ይላል። ከ10ሩ 8ቱን ያዘ፤ እሰየው። ግን ከቀሩት 9,990 ጤነኞች 10 በመቶው፣ ማለትም 999 ሰው፣ ቀይ ቀስት ይላክለታል። ቀይ ቀስት የደረሰው 1,007 ሰው ሲሆን በርግጥ የታመመው 8 ነው። ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። «80 በመቶ ይይዛል» የሚል ማስታወቂያ ቢወጣ አይዋሽም፤ ግን ይህን የታችኛውን መስመር ደምሮ አያሳይም። እርግጥ እኔ ከነዚያ ምንም ከማይታይባቸው 10,000 ውስጥ አይደለሁም፤ ምላሴ ላይ ምልክት አለ። ምልክት ላለበት ሰው ደግሞ ደሙ ንጹሕ ቢልስ ምን ይጠቅመዋል? ነጩ ነገር እንደሆነ እዚያው ነው። ቀይ ቢልም ባዮፕሲ፣ አረንጓዴ ቢልም ባዮፕሲ። በሥራዬ ውጤቱ ምንም ሆነ ምን ውሳኔውን የማይለውጥ ምርመራ ሲገጥመን የምንሰጠው ስም አለ፤ እዚህ አይጻፍም።

ከአሮጌዎቹ ሦስቱ ይልቅ አዲሶቹ የተሻሉ ናቸው ይባላል፣ እውነትም ነው፤ የእኔ ፓኬጅ ውስጥ ግን የሉም። ዕጢ እየሞቱ ከሚሄዱ ሴሎቹ የዲ ኤን ኤ ብጥስጣሽ ወደ ደም ይለቃል። ደም ውስጥ ከሴል ውጭ የሚንሳፈፍ ዲ ኤን ኤ መኖሩን ማንዴልና ሜቴ በ1948 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። ከዚያም በፊት፣ በ1869 እ.ኤ.አ.፣ አሽዎርዝ የተባለ በአውስትራሊያ የነበረ ሐኪም በካንሰር በሞተ ሰው ደም ውስጥ ዕጢውን የሚመስሉ ሴሎች በማይክሮስኮፕ አይቷል። ስለዚህ ሐሳቡ የትናንት አይደለም፤ የትናንቱ መሣሪያው ነው። ዛሬ ዲ ኤን ኤው ላይ ያለውን የኬሚካል ምልክት ያነባሉ፣ ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባሉትን ጥቃቅኖች ይቆጥራሉ (በአፍ ካንሰር ከነሱ 21 ቁጥርና 31 ቁጥር ስማቸው ደጋግሞ ይነሳል)፣ ሰውነት በተበላሸው ፒ 53 (ደህና ሲሆን ሴልን ከካንሰር የሚጠብቅ) ፕሮቲን ላይ የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካልም ይፈልጋሉ። የየራሳቸው ችግር አላቸው። ማይክሮ አር ኤን ኤ ቀይ የደም ሴል ውስጥም ስላለ፣ ደሙ ሲቀዳ ወይም ሲጓጓዝ ቀይ ሴሎቹ ከፈነዱ ቁጥሩ ይበላሻል። የፒ 53 ፀረ እንግዳ አካል ከተገኘ ብዙም አይዋሽም፣ ግን አብዛኛው ታማሚ ላይ አይገኝም። ጥናቶቹንም ሳገላብጥ ደጋግሞ ያጋጠመኝ ያው የናሙና ችግር ነው፤ በአንድ በኩል ዕጢው ገፍቶ የመጣ ታማሚ፣ በሌላ በኩል ፍጹም ጤነኛ ሰው ያስቀምጡና ምርመራው ሁለቱን ለየ ይላሉ። ያንን እኮ ባለቤቴም ከሩቅ አይታ ትለያለች። የሚቸግረው እንደ እኔ ያለውን መሐል ላይ የቆመ ሰው መለየቱ ነው።

በጣም የወደድኩት ጥናት በ2015 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ነው። 93 የራስና የአንገት ካንሰር ታማሚዎችን ይዘው የዕጢውን ዲ ኤን ኤ በምራቅም በደምም ፈለጉ። ካንሰሩ አፍ ውስጥ በሆነባቸው ሰዎች ምራቁ ውስጥ በሁሉም ላይ ተገኘ፤ ደሙ ውስጥ ግን በ80 በመቶው። ዕጢው ወደ ኋላ፣ ወደ ጉሮሮ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ ደም ይሻላል። ሲያስቡት ግልጽ ነው፤ ምራቅ ቀኑን ሙሉ ዕጢውን ሲያጥበው ይውላል። እንግዲህ እኔ የአፍ ነገር ፍለጋ ምራቄን ትቼ ክንዴን ሰጥቻለሁ። ግን እዚህም ላይ ኦዲተሩ ብዕሩን አያስቀምጥም፤ እነዚያ ሰዎች ካንሰር እንዳለባቸው ቀድሞ የታወቁ ናቸው፣ ተመራማሪዎቹም በአብዛኛው የትኛውን ስህተት እንደሚፈልጉ ከዕጢው አይተው ነው የገቡት። የጠፋ ቁልፍ የት እንደወደቀ እያወቁ መፈለግ ነው።

ከ50 በላይ ዓይነት ካንሰር በአንድ ደም የሚፈልገው ጋለሪ የሚባለው ምርመራም በ2021 እ.ኤ.አ. ከ4,000 በላይ ሰዎች ላይ የተሠራው ጥናቱ ታትሟል። ጤነኛን በሐሰት የሚያስደነግጠው በጣም ጥቂት ነው፤ 99.5 በመቶውን ነጻ ብሏል። የያዛቸው ካንሰሮች ግን ደረጃ በደረጃ ሲታዩ (1ኛ ገና ጅምሩ፣ 4ኛ የተሰራጨው ነው)፣ ከ4ኛ ደረጃ 90.1 በመቶ፣ ከ3ኛ 77፣ ከ2ኛ 40.4፣ ከ1ኛ ደረጃ 16.8 በመቶ ነው። ይህ የሁሉም ካንሰር ድምር እንጂ የአፍ ብቻ አይደለም። ቢሆንም ዕጢ ትንሽ ሲሆን ወደ ደም የሚጥለው ትንሽ ነው፤ የተጣለውም ቁራጭ በደቂቃዎችና በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጸዳል። ከማስታወቂያው ከባዱ ቃል «ገና ከጅምሩ» የሚለው ነው።

ደም በርግጥ የሚያስመሰግን ሥራ የሠራበት ጎረቤት በሽታ አለ፤ ፍትሐዊ ለመሆን ልጥቀሰው። በኤች ፒ ቪ (የማህፀን በር ካንሰርንም በሚያመጣው) ቫይረስ የሚመጣው የቶንሲልና በጉሮሮ በኩል ያለው የምላስ መነሻ ካንሰር የቫይረሱን ዲ ኤን ኤ ቁራጭ ወደ ደም ይለቃል። ይህ ከጤነኛ ሴል የማይወጣ ነገር ስለሆነ ከተገኘ ትርጉም አለው፤ ከሕክምና በኋላ በሽታው ተመልሶ እንደሆነ ለመከታተል ይጠቀሙበታል። የአፍ ካንሰር ግን በአብዛኛው የትምባሆ፣ የአልኮልና (በእስያ የሚታኘከው) የአሬካ ፍሬ ልጅ ነው፤ እንዲህ ያለ መታወቂያ ወረቀት ይዞ አይዞርም።

ወደ ዶክተሯ የተመለስኩት በ11ኛው ቀን ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ፤ ሰረቅሁ ብሎ የሚናዘዝ ልጅ መስዬ። አንብባ አልተቆጣችም። ቀይ ቀስቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ «እጅጌዎን ይሰብስቡልኝ» አለች። ክርኔን አየች። «ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?» 10 ሰከንድ አልፈጀባትም። እኔ ሁለት ሌሊት ቆፍሬ ያገኘሁትን እሷ እጅጌ በማስገለጥ አገኘችው። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጋ «አሁን ምላስዎን ይስጡኝ» አለች።

ባዮፕሲውን ለምትፈሩ ሰዎች ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይህን ሁሉ መንገድ የሄድኩት እሱን ሽሽት ነው። የሚያምመው የማደንዘዣው መርፌ ነው፤ እሱም እስከ 10 እንደመቁጠር። ከዚያ ምላሴ የሌላ ሰው ሆነ። ሲቆረጥ የተሰማኝ አንድ መጎተት ብቻ ነው። ዶክተሯ የቆረጠችውን አሳየችኝ፤ የምስር ፍሬ ታክላለች፣ ፎርማሊን ባለበት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ገባች። 2 ስፌት። ከወንበሩ እስክነሳ 20 ደቂቃ አልሞላም። 5 ቀን ያህል ስናገር «ሰ» እና «ሸ» ተምታቱብኝ፤ ቢሮ ውስጥ ሳቁብኝ። በቃ፣ ይኸው ነው የፈራሁት።

የፓቶሎጂው መልስ «መካከለኛ ዲስፕላዚያ» ይላል። ዶክተሯ በብዕር ሥላ አስረዳችኝ፤ ሴሎቹ መልካቸውና አደራደራቸው ተበላሽቷል፣ ግን ከሥራቸው ያለውን ስስ ወለል ገና አልጣሱም። ካንሰር የሚባለው ወለሉን ሲጥስ ነው። ወለሉን ያልጣሰ ነገር ደግሞ ከሥሩ ወዳለው ደም ስር አልገባም። ስለዚህ የእኔን ነገር እነዚያ ሦስቱ ምስክሮች ሊያዩት አይችሉም ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ያለውን ሌባ መንገድ ላይ እንደመጠበቅ ነው። የጮኸው ምስክር በክርኔ ነው የጮኸው። የቆዳ ሐኪም አዲስ ቅባት ሰጥቶኝ ቅርፊቱ ጋብ ካለ በኋላ፣ ለራሴ እልህ ስል ያንኑ ኤስ ሲ ሲ ብቻ ሌላ ቦታ አስለካሁት፤ 1.2። ነጩን ነገር እስከ ጠርዙ አስወገዱልኝ፤ አሁን በየ3 ወሩ እታያለሁ።

ለማን ይሆናል ይህ ፓኬጅ? ካንሰሩ ተገኝቶ፣ ታክሞ፣ ቁጥሩም ከሕክምናው በፊት ከፍ ብሎ የነበረ ሰው ሐኪሙ ካዘዘለት ትርጉም አለው፤ ያኔ የራሱን ቁጥር ከራሱ ቁጥር ጋር ያወዳድራል። አፉ ውስጥ ምንም ሳይኖር ለመረጋጋት የሚገዛው ሰው መረጋጋት አይገዛም፤ ከላይ ያለውን 999 ያስታውስ። አፉ ውስጥ ምልክት ያለው ሰው ደግሞ፣ ነጭ ይሁን፣ በተለይ ቀይ ይሁን (ቀዩ ከነጩ እጅግ ይብሳል)፣ ወይም ከ2 ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፣ ክንዱን ትቶ አፉን ያሳይ።

የደም ምርመራው እውነተኛ ተፎካካሪ ማን እንደሆነ ሳስብ መልሱ ባትሪ ነው። በሕንድ ኬረላ ግዛት በ1996 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ጥናት ከ190 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን ይዞ፣ ለግማሾቹ የሠለጠኑ የጤና ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ አፋቸውን በብርሃን አዩላቸው። በ2005 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ፣ ትምባሆ ወይም አልኮል በሚጠቀሙት መካከል በአፍ ካንሰር የሚሞተው በአንድ ሦስተኛ ያህል ቀንሷል። ሁሉም ሰው አንድ ላይ ሲደመር ግን ልዩነቱ አሳማኝ አልነበረም፤ የአሜሪካው የበሽታ መከላከል ግብረ ኃይልም በ2013 እ.ኤ.አ. ምልክት የሌለበትን አዋቂ ሁሉ መመርመር ይጠቅማል ለማለት ማስረጃው አይበቃም ብሏል። ሆኖም ሞት መቀነሱ የታየበትን ነገር ስፈልግ ያገኘሁት ዓይንና ብርሃን ነው።

ለላብራቶሪው ደብዳቤ ጽፌላቸዋለሁ። የጠየቅሁት 3 ነገር ነው፤ ፎርሙ ላይ «የቆዳ ወይም የኩላሊት ሕመም አለብዎት?» የሚል መስመር ጨምሩ፣ «አጭሼ ትቻለሁ» የሚል ሳጥን ጨምሩ፣ ያንን የመጨረሻ ገጽ ግርጌ ወደ መጀመሪያው ገጽ ራስጌ አምጡት። ግርጌው እንዲህ ይላል፦ «ይህ ውጤት ብቻውን ካንሰር መኖሩንም ሆነ አለመኖሩን አያረጋግጥም። በአፍ ውስጥ የሚታይ ለውጥ ካለ የሥጋ ናሙና ምርመራ ያስፈልጋል።» ሁለተኛው ኮከብ የተሰጠው ለዚህ ነው። «አስተያየትዎ ለእኛ ውድ ነው» የሚል መልስ ደርሶኛል።

ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ «ውድ ደንበኛችን፣ የዓመቱ የአፍ ካንሰር የደም ምርመራዎ ደርሷል» የሚል መልእክት ገባ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ዶክተሯ ምላሴን በጎዝ ይዛ ወደ ቀኝ እየጎተተች ነበር። በዚህ ጊዜ ዝም አላለችም፤ ስለ ልጇ የሂሳብ ፈተና ታወራለች፣ እኔም አፌን እንደከፈትኩ በአንገቴ «እሺ» እላለሁ።